የፊተኛው አግዳሚ

«ሎሪን የት ትሄድብኛለች? እሷ የቤት ሰው ናት። ፓንቹን ትቅዳ።»

ሎሪን ይህን የሰማችው ጓዳ ውስጥ፣ የክሪስታል ስኒዎች የታጨቁበትን ካርቶን ታቅፋ ቆማ ነው። የተናገሩት እናቷ ሚስ አይዴላ ናቸው። የሚያዳምጧቸው ደግሞ ሚስ በርኒስ ነበሩ፤ በቤተ ክርስቲያናቸው ያለ እሳቸው ፈቃድ ሙሽራ ገብታ ሙሽራ ወጥታ አታውቅም። ሁለቱ አሮጊቶች የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ከበው ከማለዳ ጀምሮ የዊኒን ሠርግ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሲሸነሽኑት ቆይተዋል። የጓዳው በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ሎሪን ብቅ ብላ «እዚህ ነኝ» ማለት ትችል ነበር። አላለችም። ካርቶኑን እንደታቀፈች ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ መስማቷን ቀጠለች።

«ሻማውን ቬዳ ትለኩስ፤ ከፊተኛው አግዳሚም ቬዳ ትቀመጥ» አሉ ሚስ አይዴላ። «እናት እናት ናት። ሌላ ሰው ብናስቀምጥ ሰው ምን ይላል? ደግሞ በርኒስ፣ እኔ ሰማንያን አልፌያለሁ። ልጄ ካሊፎርኒያ እንደወጣች ቀረች። ያን ቦታ ብታየው፣ ዘመድ ሁሉ ዞሮ ሲያያት፣ ምናልባት ልቧ ወደ አገሯ ይመለስ ይሆናል። ሎሪን መቼም የትም አትሄድም።»

«እሱስ ነው። ሎሪን እኮ ወርቅ ናት» አሉ ሚስ በርኒስ።

ፓንች መቅዳት በራሱ ውርደት አይደለም፤ ሜከን ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ከፍራፍሬ ጭማቂና ከአይስክሬም የተደባለቀው መጠጥ በትልቅ የክሪስታል ሳህን ተሞልቶ ከድንኳኑ ዳር ይቀመጣል፤ ከኋላው ጓንት ያደረገች፣ ደረቷ ላይ አበባ የተሰካላት የተከበረች ሴት ቆማ ለመጣው እንግዳ ሁሉ በፈገግታ ትቀዳለች። ለአክስት፣ ለጎረቤት፣ ለድሮ አስተማሪ የሚሰጥ ማዕረግ ነው። የእናት ማዕረግ ግን ሌላ ነው። እንግዳው ሁሉ ገብቶ ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ የሙሽራዋ እናት ነጭ ጓንት ያደረገ አስተናጋጅ ክንዱን ሰጥቷት በቤተ ክርስቲያኑ መካከለኛ መተላለፊያ ትሄዳለች። በሙሽራዋ በኩል ያለውን ሻማ ለኩሳ ከፊተኛው አግዳሚ ትቀመጣለች። ከእሷ በኋላ ማንም አይገባም፤ በሩ ይዘጋል፣ ሲከፈት የምትገባው ሙሽራዋ ናት። ሎሪን ይህን መንገድ በሐሳቧ ተመላልሳ ተመላልሳ ምንጣፉን ጨርሳዋለች። ዊኒን ከሦስት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። የወለደቻትማ ታናሽ እህቷ ቬዳ ነች፤ ቬዳ ግን ዘፋኝ ልሁን ብላ ልጇን «ለትንሽ ጊዜ» እዚህ ቤት ጥላ እንደሄደች ትንሹ ጊዜ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ትኩሳቱ፣ የትምህርት ቤቱ ስብሰባ፣ የመጀመሪያው የወር አበባ፣ በወንድ ልጅ ሰበብ የተለቀሰው የመጀመሪያ ለቅሶ፣ ይህ ሁሉ የሎሪን ድርሻ ነበር። ልጅቷም «ማማ ሎ» እያለች ነው ያደገችው። ባለፈው ሳምንት ግን ሚስ አይዴላ የልጅ ልጃቸውን አስቀምጠው «እናትሽ እዚህ እስካለች ድረስ አክስት ሎሪን በያት፤ ልቧን እንዳትሰብሪው» ብለው አዘዋታል። የሎሪንን ልብ ማለታቸው አልነበረም።

ሎሪን ካርቶኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች፤ በጓሮ በር ወጥታ ቤቱን ዞረችና በዋናው በር ኮቴዋን እያሰማች ገባች። ሃምሳዎቹን ካጋመሰች በኋላ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ ስትሽሎከሎክ ራሷን ታዘበች። ሚስ በርኒስ «ወርቄ መጣች!» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። ሳመቻቸውና በእናቷ አሠራር ከጋገረችው የቅቤ ኬክ ቆርሳ አቀረበችላቸው።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ በልቼ ነው የመጣሁት።»

«ትንሽ ይቅመሱ እንጂ፣ ሚስ በርኒስ።»

«ሐኪሙ ስኳር አትንኪ ብሎኛል እኮ።»

«የእማማን ኬክ ሐኪም አይከለክልም። በሞቴ!»

«እንግዲህ አስቸገርሽኝ» አሉና ሁለት ቁራጭ በሉ።

እዚህ አገር እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ግብዣ እጁን የሚዘረጋ ሰው አሳዳጊ የበደለው ነው። በሁለተኛው የሚቀበልም ቢሆን ከችኩል ይቆጠራል። በሦስተኛው እምቢ ማለት ደግሞ የለየለት ንቀት ነው፤ ጋባዡ ተቀይሞ ይሄዳል። ሚስ አይዴላ ይህን ለሁለት ሴት ልጆቻቸው ያስተማሩት ጭን ጭናቸውን እየቆነጠጡ ነበር። ከሎሪን ጭን ምልክቱ ከጠፋ ቆይቷል፣ ትምህርቱ ግን አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ቬዳ ስትቆነጠጥ ትስቅ ነበር።

ኬኩ አልቆ የአበባ ወሬ ተነሣ። አንዱ የሃይድሬንጃ ዘለላ ስምንት ዶላር ገብቷል፣ ከጎረቤት ግቢ ለምኖ መቁረጥ ይሻላል ተባለ። ቀጥሎ ሚስ በርኒስ ወደ ልብስ ገቡ። የሙሽራው እናት ሰማያዊ መርጣለች፤ ስለዚህ የሙሽራዋ እናት ፈዘዝ ያለ ወርቅማ ትለብሳለች፣ ከእሷ በስተቀር ደግሞ ማንም ሴት ወርቅማ ለብሳ እንዳትመጣ። «አንቺ ያ ጥቁር ሰማያዊሽ አለሽ አይደል፣ ሎሪን? ለሁሉም የሚሆን ልብስ ነው» አሉ። ሎሪን «አለኝ» አለች። ለሁሉም የሚሆነው ልብስ ለቀብር የምትለብሰው ነበር። ወርቅማው ደግሞ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ክፍሏ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከክረምት ካፖርቷ ጀርባ ከነዋጋ ወረቀቱ ተሰቅሏል። በጥር ወር፣ መደብሩ ግማሽ ዋጋ ያደረገ ቀን፣ ከሥራ አስፈቅዳ ሄዳ የገዛችው ነው። ያኔ ዊኒ ቀለበት ካሰረች ገና ሳምንቷ ነበር፤ ቬዳ ትመጣለች ብሎ ያለመ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ቬዳ ደውላ «እመጣለሁ፣ አንድ ወር ቀደም ብዬም እመጣለሁ» ያለችው ከፋሲካ በኋላ ነው። ሎሪን ቀሚሱን ለማንም አላሳየችም። የእናትን ቦታ ሰው ሳይሰጣት ቀድማ መውሰዷ አሳፍሯት ነበር፤ አንድ ቀን ግን ሰዎቹ ራሳቸው ጠርተው ይሰጡኛል ብላ ታምን ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ከአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣው አውቶቡስ ከሚቆምበት ሄዳ እህቷን ተቀበለች። ቬዳ ነጭ የተልባ እግር ሱሪ ለብሳ፣ ግማሽ ፊቷን የሚሸፍን መነጽር አድርጋ ወረደች፤ ከስታለች፣ ያምርባታል። ተቃቅፈው ቆሙ። መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ስለ ሙቀቱ አወሩ፣ ስለ ተዘጋው ሲኒማ ቤት አወሩ። መስኮቱን ሲከፍቱት እሳት ይገባል፣ ሲዘጉት የመኪናው ማቀዝቀዣ ያጓራል። ሎሪን ከኋላ ወንበር በፎጣ የጠቀለለችው የዶሮ ሳንድዊች ትዝ አላት።

«ርቦሻል መቼም። ሳንድዊች አለልሽ።»

«አይ፣ አልራበኝም።»

«ትንሽ ቅመሺ እንጂ።»

«አልፈልግም፣ ሎ።»

«ለመንገድ ብዬ እኮ ነው የሠራሁት፣ ግማሹን እንኳ…»

«አልፈልግም አልኩሽ!» ቬዳ ከት ብላ ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ ኖሯትም አያውቅም። «ወይ ጉድ፣ ይሄን ነገር ዛሬም አልተዋችሁትም? እኛ ጋ እኮ ሰው አዎ ካለ አዎ ነው፣ አይ ካለ አይ ነው። እንዴት እንደሚያሳርፍ ብታውቂ!»

ሎሪን አብራት ሳቀች። ጥቂት ሄዱና፣ ማለት ያለባትን ለማለት፣ «ክፍሌ ውስጥ አንጥፌልሻለሁ። እኔ ሶፋው ላይ እተኛለሁ» አለች። ሶፋው ሚስ አይዴላ እንዳይቆሽሽ ብለው ላስቲክ ያለበሱት፣ ሰው ሲቀመጥበት የሚጮህ ሶፋ ነው። ቬዳ ማለት የነበረባት «ኧረ ሞቼ እገኛለሁ፣ ሶፋው ለእኔ ይበቃኛል» ነበር። ከዚያ ሎሪን «በጭራሽ» ትል ነበር፤ እንዲህ እየተባባሉ ቤት ይደርሱና ሁለቱም አልጋው ላይ እንደ ልጅነታቸው ተቃቅፈው ይተኙ ነበር። ቬዳ ግን «አንቺ እኮ መልአክ ነሽ! ወገቤ እንዴት እንደሚያመኝ አትጠይቂኝ» አለችና ራሷን ወደ ኋላ ጣል አደረገች። ሎሪን «ምንም አይደል» አለች። ሁለት መንገድ ካለፉ በኋላ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የተሰቀለው ቀሚስ ድንገት ትዝ አላት። ቤት እንደደረሰች ቀድማ ወጥታ ቀሚሱን እናቷ ክፍል ልትደብቀው ወሰነች።

«ዊኒ ትጠላኛለች?» አለች ቬዳ፣ መስኮቱን እያየች።

«ዊኒ ማንንም አትጠላም።»

«ምን ብዬ እንደማናግራት አላውቅም፣ ሎ። ከገዛ ልጄ ይልቅ ጎረቤቴ ትቀርበኛለች። ይሄን ለሌላ ሰው አልናገርም።» መነጽሯን አላወለቀችም፤ ድምጿ ግን ቀጥኖ ነበር። ሎሪን ያን ጊዜ አዘነችላት። ማዘን ባትችል ነገሩ ይቀላት ነበር።

ግቢው በር ላይ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ከፔካኑ ዛፍ ሥር ቆሞ እነሱን ይጠብቃል። ሠርጉ ወር ስለቀረው ዛሬ ውስኪው የሚቀበርበት ቀን ነው። ድግሱ በሚደረግበት ግቢ፣ ልክ በወሩ፣ ያልተከፈተ የውስኪ ጠርሙስ አናቱ ወደ ታች ተደርጎ ከተቀበረ የሠርጉ ቀን ዝናብ አይዘንብም፤ በዕለቱ ተቆፍሮ ይወጣና ይጠጣል። ሚስ አይዴላ ቤታቸው ለወጥ የሚሆን ወይን እንኳ አስገብተው የማያውቁ ጽኑ ባፕቲስት ናቸው። ነገር ግን ሦስት ሠርግ በዚህ ግቢ ደግሰው ሦስቱንም ጊዜ ውስኪ ቀብረዋል። ወንድማቸው አጎት ሂራም ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመዋል።

«አይዴላ፣ ይህን የመሰለ ዕቃ አፈር ማልበስ ኃጢአት አይሆንም?» አሉ።

«መጠጥ እኮ አይደለም። ለዝናብ ነው።»

«ትንሽ ቀንሰን ብንቀብረው ዝናቡ ያውቅብናል?»

«ሞልቶ ነው የሚቀበረው! እጅህን ከክዳኑ ላይ አንሣ።»

ሙሽራው ቴረል ሸሚዙን ጠቅልሎ ቀዩን አፈር ይቆፍራል፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ አያወራም። ሎሪን ወደ ቤት ልትገባ አንድ እርምጃ ስትራመድ እናቷ «የት ነው? ሰው ሁሉ አንቺን ሲጠብቅ!» ብለው መለሷት። ዊኒ ከቬዳ ጋር ተቃቀፈች፤ ሁለት ሴቶች ሐኪም ቤት ተራ ሲጠብቁ ተዋውቀው ደህና ሁኚ ሲባባሉ የሚተቃቀፉትን ያህል ነው። ጀርባ ቸብ ቸብ ተደረገና ተለቃቀቁ። ሚስ አይዴላ ይህንን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ ዊኒ ፊቷን ወደ ሁሉም መለሰችና ጉሮሮዋን ጠረገች። ሎሪን ልጅቷ ስትፈራ አውራ ጣቷን በመዳፏ ውስጥ እንደምትደብቅ ታውቃለች፤ አሁንም ደብቃዋለች።

«ሁላችሁም ስላላችሁ አንድ ነገር ልናገር» አለች ዊኒ። «ሻማውን ማማ ሎ… አክስት ሎሪን እንድትለኩስልኝ እፈልጋለሁ። ከፊትም እንድትቀመጥልኝ።»

ቴረል አካፋውን አቆመ። ሎሪን ከጥር ወር ጀምሮ የጠበቀችው፣ ከዚያም በፊት፣ ልጅቷን በጀርባዋ አዝላ ትኩሳቷ እስኪበርድ በዚህ ግቢ ስትዞር ሳታውቀው የጠበቀችው ይህን ነበር። ደስታው ደረቷን ሞላው፤ ልታለቅስም ፈለገች። አፏ ግን የተማረውን ተናገረ።

«ኧረ ልጄ፣ እኔ ምን ብዬ! እናትሽ እያለችልሽ?»

«የለም፣ አንቺ ነሽ። እባክሽ።»

ይህ ሁለተኛው ነው። ሎሪን የሁለተኛውን መልስ በወጉ መለሰች፤ እንዲያውም አሳምራ መለሰችው፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው የመጨረሻው ስለሆነ ልቧ አርፎ ነበር። «ተይ ዊኒዬ፣ እኔ ሰው ፊት መታየት አልወድም። ፓንቹ ይሻለኛል» አለች፤ ቀኝ እጇ ግን ልጅቷን ሊያቅፍ ከወዲሁ ተዘርግቷል።

ዊኒ ሦስተኛውን ለመናገር አፏን ከፈተች። ቬዳ ቀስ ብላ ትከሻዋን ያዘቻት። «የኔ ማር፣ አልፈልግም አለች እኮ። ሁለቴ ተናገረች። ሰው የከበደውን ነገር አታስገድጂው» አለች። ይህንን ያለችው ለሎሪን ተቆርቁራ ነበር። ለእህቷ ተከራክራ፣ ከረጅም ዘመን በኋላ አንድ በጎ ነገር ልታደርግላት ነበር።

ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው ሁሉ ምን እንደጎደለ ያውቅ ነበር። ሚስ በርኒስ ያውቃሉ፤ ጠዋት ሁለት ቁራጭ ኬክ የበሉት በዚያው ሕግ ነው። አጎት ሂራም ያውቃሉ፤ ዐይናቸውን ጠርሙሱ ላይ ተከሉ። ከሁሉም በላይ ሚስ አይዴላ ያውቃሉ፤ ሕጉን በቁንጥጫ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ሎሪን እናቷን አየች። አንድ ቃል ከእሳቸው ቢወጣ፣ «ኧረ ልጅቷ ሦስቴ ትጠይቃት» ቢሉ፣ በሳቅ ያልቅ ነበር። አሮጊቷም ሎሪንን አዩ፤ ዐይናቸው ውስጥ ልመና ነበር። ከዚያ ወደ መሬት አቀርቅረው «ተባለ እንግዲህ። ሎሪን ራሷ ተናገረች። ቅበሩት» አሉ።

ሎሪን «እፈልጋለሁ» ማለት ትችል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ያቺን ቃል ስለ ራሷ በዚህ ቤት ተናግራት አታውቅም፤ ከየት ጀምሮ እንደሚባል አላወቀችም። ስለዚህ ፈገግ አለች። ዊኒ ፈገግታዋን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው፤ ከሥሩ ሌላ ነገር የምትፈልግ ትመስል ነበር። ከዚያ ተንበርክካ ከቴረል ጋር ጠርሙሱን ዘቅዝቃ ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጠችው። አፈሩን በእጃቸው መለሱበት። አጎት ሂራም ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍሱን ይማር» አሉና ሁሉም ሳቀ፤ ሎሪንም ሳቀች።

ቬዳ ልብሷን ልትቀይር ወደ ቤት ገባች። ሎሪን ልትቀድማት ስትል ሚስ በርኒስ ክንዷን ያዙና ፓንቹ ስንት ሰው እንደሚያጠጣ ማስላት ጀመሩ፤ አናናስ ይብዛበት ወይስ ብርቱካን፣ አይስክሬሙ መቼ ይግባ። ሎሪን አንዱንም አልሰማችም። በጆሮዋ የምትከተለው ሻንጣው በደረጃው ላይ ሲጎተት፣ የክፍሏ በር ሲከፈት፣ ከዚያም የቁም ሳጥኑ ማጠፊያ ሲጮህ ነበር። ማጠፊያውን ዘይት ልቀባው እያለች ዓመት አልፏታል። ሴቶቹ ወደ ወጥ ቤት ገብተው በበረዶ የቀዘቀዘ ሻይ ሲቀዳ ቬዳ ቀሚሱን ሁለት እጇ ላይ አጋድማ ወረደች። የዋጋው ወረቀት ይወዛወዛል።

«ሎ፣ ይሄ የማን ነው? እንዴት ያምራል!»

ፈዘዝ ያለ ወርቅማ ነው፤ አንገቱ ላይ ትንንሽ ዶቃ አለው። ሚስ በርኒስ ብርጭቋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ሚስ አይዴላ ቀሚሱን አዩ፣ ሎሪንን አዩ፣ ፊታቸው ሲገረጣ ታየ፤ ያን ጊዜ ምን እንደወሰዱባት በደንብ ገብቷቸዋል። ዊኒም ማቀዝቀዣው ጋ ቆማ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሁሉም ሴቶች ስለነበሩ ለማንም መንገር አላስፈለገም። ከቬዳ በስተቀር።

ሎሪን ተራቁታ ገበያ የቆመች መሰላት። እውነቱን ብትናገር፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በሰው ፊት «ፓንቹ ይሻለኛል» ያለች ሴት የእናት ቀሚስ ገዝታ ለአራት ወር ደብቃ ስትመኝ እንደነበር መናገሯ ነው።

«ያንቺ ነው» አለች። «እዚያ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ልብስ ላታገኚ ትችያለሽ ብዬ ገዛሁልሽ። ቁመታችን አንድ ስለሆነ… ካልወደድሽው ይመለሳል።»

አሁንም ቬዳ «ኧረ አይሆንም፣ አንቺ ልበሽው» ማለት ነበረባት። ቬዳ ቀሚሱን ደረቷ ላይ አጣበቀችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ስትጠብቂኝ ነበር ማለት ነው» አለች። «እኔ እኮ ማንም የሚፈልገኝ አልመሰለኝም። ስመጣ ሁሉ፣ አውቶቡሱ ውስጥ፣ ልመለስ ልመለስ እያልኩ ነው የመጣሁት።» እህቷን አቀፈቻት፤ ቀሚሱ በሁለቱ መካከል ሆነ። ሎሪን የእህቷን ጀርባ እየደባበሰች በትከሻዋ አሻግራ እናቷን አየቻቸው። ሚስ አይዴላ ያለቅሱ ነበር። በሐዘን ይሁን ልጃቸው በመመለሷ ደስ ብሏቸው ሎሪን መለየት አልቻለችም፤ ሁለቱም ሳይሆን አልቀረም። «ወርቅ ናት» አሉ ሚስ በርኒስ በቀስታ፤ አሁን ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም የተናገሩት።

ቀሚሱ ለቬዳ ትከሻ ልክ ሆነ፤ ስለከሳች ግን ወገቡ ሰፋ፣ ጫፉም መሬት ጠረገ። የዊኒን ልብስ ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ያሳጠረችው ሎሪን ስለሆነች ማን ያሳጥረው ተብሎ አልተጠየቀም። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘቅዘቅ ብላ የመኝታ ክፍሉን ግድግዳ ቢጫ አድርጋዋለች። ቬዳ ከወጥ ቤት የመጣ ወንበር ላይ ቆመች፤ ሎሪን ከሥሯ ተንበርክካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ጫፉን በዙሪያው ታጥፋለች። ዊኒ አልጋው ዳር ተቀምጣ ሁለቱን ታያለች። የቬዳ ስልክ ጠራ፤ ከወንበሩ ወርዳ ቀሚሱን ሰብስባ በባዶ እግሯ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ማማ ሎ» አለች ዊኒ በሹክሹክታ።

ሎሪን ቀና አለች። አፏ በስፒል ተሞልቷል።

«ቀሚሱ የራስሽ ነው አይደል? ለራስሽ ነው የገዛሽው። እውነቱን ንገሪኝ፤ አሁን ሄጄ ለሁሉም እናገራለሁ። እኔ አንቺ እንድትሆኚልኝ ነው የምፈልገው።»

ሎሪን ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ እያወጣች ክንዷ ላይ በታሰረው ትንሽ ትራስ ሰካቻቸው። አልቸኮለችም። ዊኒ ጠበቀቻት፤ አውራ ጣቷ በመዳፏ ውስጥ ነበር። ሦስተኛው ጥያቄ ይኸው መጣ፣ ዘግይቶ ግን በራሱ እግር። ሎሪን ከዚህ በኋላ አዎ ብትል ነውር የለባትም፤ ሕጉ ራሱ ይፈቅድላታል። ትንፋሽ ሳበች።

ከኮሪደሩ የቬዳ ድምፅ ገባ። «እህቴ እኮ ገዝታ ስትጠብቀኝ ነበር፣ ታምናለህ? ቀሚስ! … አዎ፣ አዎ፣ እያለቀስኩ ነው፣ ተወኝ። … እንጃ። ትንሽ ልቆይ ይሆናል። እማማ አርጅታለች።» ከታች ደግሞ ሚስ አይዴላ ለቬዳ የምትወደውን የኮክ ፓይ ለመጋገር ድስት ሲያንኳኩ ይሰማል፤ አሮጊቷ ከወራት ወዲህ ምድጃ ነክተው አያውቁም ነበር።

ሎሪን ሁለቱንም ሰማች። የሳበችው ትንፋሽ ደረቷ ውስጥ ቆየ፤ ሲወጣ ሳቅ መስሎ ወጣ።

«ስንት ጊዜ ልንገርሽ፣ ለእናትሽ ነው» አለች። «እኔ ወርቅማ ለብሼ ምን ልመስል!»

ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ወግ ነው። ሦስተኛው እምቢታ ግን የምር ነው፤ ዊኒ የዚህ ቤት ልጅ ስለሆነች ይህን ለመረዳት ማንም አላስፈለጋትም። ፊቷ ቀስ በቀስ ተዘጋ። እጇን ከፈተች፣ ቀሚሷን አስተካከለችና ተነሣች።

«እሺ» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች። «እሺ፣ አክስት ሎሪን።»

በዚያን ሰዓት ሴት አያቷ እዚያ አልነበሩም፤ እናቷም አልሰማችም። አክስት በያት ብሎ ያስታወሳት ሰው አልነበረም።

ቬዳ ዐይኗን እያበሰች ተመለሰችና ወንበሩ ላይ ወጣች። ሎሪን ስፒሎቹን አንድ በአንድ መልሳ በከንፈሯ ያዘች፤ ጫፉን ካቆመችበት ማጠፏን ቀጠለች።